የበሰበሰ የጣውላ ወለል በአርማታ ይተካ? በአዲስ አበባ ነባር ቤቶች እድሳት ላይ የቀረበ አስተያየት

በአዲስ አበባ የሚገኙ ነባር ቤቶች ወደ ቢሮ፣ ወደ ምግብ ቤት ወይም ወደ ሙዚየም ሲለወጡ አስቀድሞ የሚፈረድበት ወለሉ ነው። ይሸታል፤ ሲረገጥ ይሰምጣል፤ ጥግ ጥጉ በእጅ ይፈረፈራል። የተለመደው መፍትሔም ይታወቃል፦ እንጨቱ ተነሥቶ ሥሩ በገረጋንቲ ይሞላል፣ አርማታ ይፈስበታል፣ ሴራሚክ ይነጠፍበታል። ሥራው ፈጣን ነው፤ ሲጠናቀቅም ያምራል። ነገር ግን እርጥበቱን ከወለሉ ወደ ግድግዳው ያዛውረዋል፤ ግድግዳው ደግሞ ከወለሉ ይልቅ ውድ ነው።

ከአድዋ ድል በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት የታነጹት፣ የአርመንና የሕንድ ግንበኞች እጅ ያረፈባቸው የመኳንንትና የነጋዴ ቤቶች ብዙዎቹ ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ የቆሙ ናቸው። ጣውላው መሬቱን አይነካም። ጫፋቸው ግድግዳው ውስጥ በገባ ወራጆች ላይ ይነጠፋል፤ ከሥሩ ባዶ ቦታ አለ፤ በመሠረቱ ላይ የተተዉ ትንንሽ ቀዳዳዎችም ነፋስ ያሳልፋሉ። በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ በሚዘንብባት፣ አብዛኛውንም ዝናብ በክረምቱ ወራት በምትቀበል ከተማ እንጨቱን ያቆየው ይህ አየር ነው። የእንጨት እርጥበት ከ20 በመቶ በታች እስከሆነ ድረስ አብስባሽ ፈንገስ አይራባበትም። ስለዚህ ለብዙ አሥርት ዓመታት ደኅና የኖረ ጣውላ ዛሬ ሲበሰብስ፣ መጠየቅ ያለበት በዙሪያው ምን እንደተለወጠ ነው።

መልሱ ብዙ ጊዜ ከደጅ ይገኛል። ግቢው ንጣፍ በንጣፍ ላይ ሲደራረብበት የውጩ መሬት ከፍ ይላል፤ ቀዳዳዎቹም ይቀበራሉ፣ ወይም አይጥ እንዳይገባ ተብሎ በሲሚንቶ ይደፈናሉ። የተቀደደ አሸንዳ የጣሪያውን ውኃ ግድግዳው ሥር ያፈሳል። ከውስጥም በሰም ይወለወል የነበረው ጣውላ በፕላስቲክ ምንጣፍ ታፍኖ ይከርማል። ቤቱ ምግብ ቤት ከሆነማ ወለሉ በየምሽቱ በባልዲ ውኃ ይታጠባል፤ ይህን የሚችል ጣውላ የለም።

አርማታ ከእነዚህ አንዱንም አያስተካክልም። ሥሩ ያለው አፈር እንደረጠበ ይቀራል፤ ከላይ ሲታፈን ግን ውኃው መውጫ ፍለጋ በግድግዳው በኩል ይወጣል። ግድግዳው በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ከሆነ ጭቃው ሲርስ ጥንካሬውን ያጣል። የሲሚንቶ ልስን ሲጨመርበት እርጥበቱ ከውስጥ ይታሰርና ግንቡ ከልስኑ በስተጀርባ ሳይታይ ይላላል። ከአርማታው ሥር የሚነጠፈው ፕላስቲክም ወለሉን እንጂ ግድግዳውን አያድነውም።

ስለዚህ ከመዶሻው በፊት መለኪያ ሊቀድም ይገባል። የወራጆቹ እርጥበት በነሐሴ መጨረሻና በጥር ቢለካ ችግሩ የክረምት ጎርፍ ይሁን ወይም ዓመቱን ሙሉ የሚያፈስ ቧንቧ ይለያል። ከዚያ የውጩ መሬት ዝቅ ይደረግ፤ አሸንዳው ይጠገን፤ ቀዳዳዎቹ ተከፍተው ወንፊት ሽቦ ይግባባቸው፤ ከወለሉ ሥር የተጠራቀመው ፍርስራሽ ይውጣ። እንጨቱ የሚነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የሚበሰብሰው አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው የወራጁ ጫፍ ስለሆነ፣ ጫፉ ተቆርጦ ከግድግዳው በተለየ አጭር የድንጋይ ምሰሶ ላይ ቢያርፍ፣ በመካከልም እርጥበት የማያሳልፍ ንጣፍ ቢገባ፣ የቀረው ወራጅ አገልግሎቱን ይቀጥላል።

የጥድ ጣውላ ብርቅና ውድ ነው የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው። ሆኖም ይህ ያለውን ጣውላ አውጥቶ ለመጣል ምክንያት አይሆንም፤ ይልቁንም በጥንቃቄ ነቅሎ መልሶ ለመጠቀም ያስገድዳል። በምትኩ የሚገባው ባሕር ዛፍ ሳይደርቅ ከተመታ ይጣመማል። ለመጸዳጃና ለማብሰያ ክፍል ግን አርማታ ይሻላል። እነዚህን ከዋናው ቤት ውጭ ማድረግ ደግሞ የበለጠ ይሻላል፤ የቀድሞዎቹ ባለቤቶችም ማድ ቤታቸውን ለብቻው የሚሠሩት ያለ ምክንያት አልነበረም።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው በርካታ ነባር ቤቶች ከፈረሱ በኋላ የቀሩት ጥቂቶች ዋጋቸው ጨምሯል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 የቅርስ ጥገና በቅድሚያ ፈቃድ እንዲከናወን ይጠይቃል። የፈቃድ ማመልከቻው ከፊት ገጽታው ሥዕል ጋር የሁለቱን ወቅቶች የእርጥበት ልኬትና ከወለሉ በታች ያለውን ክፍተት የሚያሳይ ንድፍ እንዲይዝ ቢደረግ ባለቤቱን የሚያስወጣው ጥቂት ነው፤ የሚያስጠብቀውም አንድ ክረምትና አንድ በጋ ብቻ ነው።