የአዴ ደብተር

ነቀምት፣ ጨለለቂ ውስጥ ስኳርና ሳሙና የምገዛባት አንዲት ሱቅ አለች። ባንኮኒዋ ላይ አራት የክፍያ ኮዶች በፕላስተር ተለጥፈዋል። ሰፈሩ «አዴ» የሚላቸው ባለሱቅ አንዱን ብቻ በጣታቸው ይጠቁሙኛል።

«በዚህ ላክ።»

«ሌሎቹስ፣ አዴ?»

«መጥተው ለጥፈው ሄዱ። ተመልሶ የመጣ የለም፣ ልጄ።»

ስለ ገበያ ውድድር ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ እንዲህ ባጭሩ የነገረኝ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ገንዘቡን ቴሌብርን የጀመረው በግንቦት 2013 ነው። ሳፋሪኮም የመራው ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር አቅርቦ የቴሌኮም ፈቃዱን ያሸነፈውም በዚያው ወር። የሳፋሪኮም ኤም-ፔሳ ግን እዚህ አገር ሥራ የጀመረው በነሐሴ 2015 ነው። ተፎካካሪው ደጅ ሲጠና ነባሩ ከሁለት ዓመት በላይ ባንኮኒ ሲይዝ ከረመ። ይህን የብልጠት ምሳሌ አድርገው የሚያነሡ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን የሕጉ ውለታ ነው፤ የሞባይል ገንዘብ በር ያኔ ለውጭ ድርጅት ዝግ ነበር።

አሁን በሩ ተከፍቷል። ለባንኮችም እንደዚሁ፤ በታኅሣሥ 2017 የጸደቀው አዋጅ የውጭ ባንክ እንዲገባ ፈቅዷል። የኛዎቹ ካፒታላቸውን 5 ቢሊዮን ብር ለማድረስ ሲሯሯጡ ነው የሰነበቱት። ይሁን። እስከዚያው ግን ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ጎን ይከፍታሉ፤ መስታወቱ አንድ፣ ሰልፉ አንድ፣ የብድር ፎርሙ አንድ። ማስታወቂያው ብቻ ቀለሙ ይለያያል።

ኤም-ፔሳ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2007 ኬንያ ላይ ሲነሣ አብዛኛው ደንበኛ የያዘው ተራ ስልክ ነበር። ጉልበቱ ወኪሎቹ ነበሩ፦ ገንዘብ ሲያስገቡም ሲያወጡም ኮሚሽን የሚያገኙ፣ መሳቢያቸው ውስጥ ጥሬ ብር የማይነጥፍባቸው ባለሱቆች። ባለሱቁ ካልተጠቀመ ኮዱ የግድግዳ ጌጥ ነው።

ባለፈው 300 ብር ላክሁ። የየትኛው ድርጅት መተግበሪያ እንደሆነ ልተወው። ከኔ ተቆረጠ፣ አዴ ጋ አልገባም። ስልኬን አሳየኋቸው፤ ዞር ብለውም አላዩት። በሐሰተኛ ስክሪንሾት ሁለቴ ተበልተዋል፣ የሚያምኑት መልእክቱ በራሳቸው ስልክ ሲገባ ብቻ ነው። የጥሪ ማዕከሉ «ይጠብቁ» አለኝ። አዴ ግን ዕቃዬን አልያዙብኝም፤ ከባንኮኒው ሥር የዱቤ ደብተራቸውን አወጡ።

ይህ ደብተር ነው እንግዲህ እነዚያ ሁሉ ድርጅቶች ያላሸነፉት ተፎካካሪ። በ2012 በወለጋ ብዙ ቦታ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ አንድ ቀን ሥራ አላቆመም። ደግሞ ወቅት ያውቃል። የወለጋ ቡና በውጭ ገበያ ለቀምት ተብሎ በነቀምት የድሮ ስም ይሸጣል፤ ከጥቅምት ወዲህ ይለቀማል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ገንዘቡም ከዚያ በኋላ ነው ኪስ የሚገባው። ክረምት ላይ ለገበሬ ቤተሰብ በየወሩ የሚከፈል ብድር መስጠት ዕዳ መቆለል ነው። ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር በ2014 መላ የሚል የስልክ ብድር ማምጣቱ ጥሩ ጅምር ነው፤ መክፈያውን ከቡናው ጋር የሚያስኬድ ድርጅት ቀድሞ ቢመጣ ግን ወለጋን ይይዛል ባይ ነኝ። ለዚህ ጥናት አያስፈልግም፤ አዴ ደብተር ላይ ከብዙዎቹ ስሞች ትይዩ «ቡና ሲሸጥ» ተብሎ ተጽፏል።

ከኔ ስም ትይዩስ ምን እንደጻፉ ጠየቅኋቸው። ደብተሩን አዙረው አሳዩኝ።

«ኔትወርክ ሲገባ።»