አሮጌ መኪና የሚገድላት ዕድሜ ሳይሆን መቆም ነው



ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከተነሡት ነጥቦች አንዱ «በየበሩና በየግቢው ቆመው የሚዝጉ አሮጌ መኪናዎች ይነሡልን» የሚል እንደ ነበር የተገኛችሁ ታስታውሳላችሁ። ያልተገኛችሁም ወሬው ሳይደርሳችሁ አልቀረም። በዕለቱ የማንም ስም ባይጠራም ዐይን ሁሉ ወደ እኔ ስለ ዞረ ብዙ ከመናገር ተቆጥቤ ነበር። ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ስለ ተላለፈ ግን እስከዚያው ሐሳቤን በዚሁ ሰሌዳ ላይ ላቀርብ ተነሥቻለሁ።

በመጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ባለፈው ክረምት የሞተር ዘይት ስቀይር አሮጌውን ዘይት በሳፋ ተቀብዬ «ነገ አነሣዋለሁ» ብዬ ቦዩ ዳር ተውኩት። ሌሊት ዝናብ መጣ። ጧት ከቦዩ በታች ያሉት እትዬ አንድ እቅፍ ጎመን ይዘው በሬን አንኳኩ። ቅጠሉ ላይ ጥቁር ዘይት ያብለጨልጫል። «ልጄ፣ ጎመኔ ላይ ዘይት የምጨምረው እኔ ነኝ፤ አንተን ማን አዘዘህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ እሳቸውም ይቅር ብለውኛል። በዚህ በኩል ማኅበሩ ቢቆጣ እውነት አለው።

«አሮጌ ስለሆኑ ይነሡ» በሚለው ግን አልስማማም።

የእኔ መኪና እንደምታውቋት ቮልስ ናት፤ ከታላቅ ወንድሜ የቀረችልኝ። በአገራችን ቮልስን የማያውቅ የለም። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚችው በቮልስ የኋላ መቀመጫ ላይ እንደ ነበር አዛውንቶቻችን ያስታውሳሉ። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ጀርመኖች በአገራቸው መሥራቱን በ1970 ዓ.ም. ሲያቆሙ፣ የመጨረሻይቱ በሜክሲኮ አገር ሐምሌ 1995 ዓ.ም. ከፋብሪካ ወጣች። ወጣቶቻችን በስልካቸው ፎቶ እያዩ የሚመኟት ፖርሼ የተባለችው የስፖርት መኪናም መጀመሪያ የተሠራችው ከቮልስ ዕቃ ተነሥታ ነው። ቢሆንም እኔ የያዝኳት ለክብሯ ብዬ አይደለም። ያለችኝ እሷው ስለሆነች ነው።

«ሸጠህ ሌላ ግዛ» የምትሉኝ አላችሁ። በምን? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ የጣለው ታክስ ከባድ ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። የኤሌክትሪኩ መኪና መልካም ነው፤ አልቃወምም። ነገር ግን መብራት ሄዶ በምንቀመጥባቸው ምሽቶች ምን ይበላል? ለጊዜው ያለን ምርጫ ያለችንን መጠገን፣ አለዚያም ለቁራሌው በኪሎ መሸጥ ነው። ለቁራሌው የሄደች መኪና ደግሞ አትመለስም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በታኅሣሥ ብርድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የጎረቤቴ ልጅ በሬን ደበደበ። እናቱን ምጥ ይዟቸዋል። ባጃጅ የለም። ቁልፉን ይዤ ወጣሁ፤ ሞተሪኖው «ጭጭ» ብሎ ቀረ። ለምን? ቮልሷ ሁለት ወር ሙሉ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም ነበራ! ቤንዚን ተወደደ ብዬ አቁሜያት ባትሪው ሞቷል። እግዜር ይስጣቸው፣ ስድስት የሠፈራችን ሰዎች በብርድ ልብስ እንደ ተጠቀለሉ ወጥተው ቁልቁል ገፏት። በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮን ስለቅ ተነሣች፤ በሰላም ደረስን። ሕፃኗ ዛሬ በቦዩ ዳር ስትሮጥ ታዩዋታላችሁ። እኔ ግን ያን ሌሊት ያፈርኩትን እፍረት አልረሳውም። መኪናዋ አርጅታ አይደለም፤ እኔ ነበርኩ ያቆምኳት።

መኪና ስትቆም ባትሪዋ ይሞታል፤ ጎማዋ በአንድ ጎኑ ይጣመማል፤ የፍሬን ሲሊንደሯ ውስጥ ዝገት ይገባል፤ አይጥ ሽቦ ትበላለች። በቮልስ ደግሞ ባትሪው ከኋላ መቀመጫው ሥር ስለሆነ አሲዱ ከፈሰሰ ወለሉን በልቶ መሬት ያሳያችኋል። የእኔን ወለል በላሜራ ያስበየድኩት በዚሁ ምክንያት ነው። ባትሪው ላይ የጎማ መሸፈኛ ይኑራችሁ። የመቀመጫው የብረት ሽቦ የባትሪውን ጫፍ ከነካ እሳት ይነሣል፤ ከኋላ የሚቀመጡት ልጆቻችን ናቸው።

ብዙ ሰው የቤት ጥገና ሲባል ሞተር መበታተን ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። ከዘጠኝ እጁ በላይ ማየትና መስማት ነው። ቮልስ ውኃ የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። በጉጉፍቱ ብርድ ራዲያተራቸው የሚፈነዳባቸው ሲቸገሩ እሷ አታውቀውም። ነገር ግን አየሩን የሚነፍሰው ማራገቢያ ከዲናሞው ጋር በአንዲት ቺንጋ ነው የሚዞረው። ቺንጋዋ ከተበጠሰች ቀይ መብራት ይበራል። ያን ጊዜ «እስከ ሠፈር ልድረስ» ያለ ሰው ሞተሩን በደቂቃዎች ውስጥ ያቃጥላል። ወዲያው ማቆም ነው። ትርፍ ቺንጋና 21 ቁጥር ቁልፍ ከመኪናው አይለዩ። ቺንጋዋ በአውራ ጣት ስትጫን አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል መግባት አለባት፤ ከላላች ከመዘውሩ መሐል አንድ ቀለበት አውጥቶ ማጥበቅ ነው። ሞተሩ ዙሪያ ያሉትን ላሜራዎችና የጎማ ማሸጊያ «ትርፍ ነው» ብሎ የሚጥል መካኒክ ካጋጠማችሁም እሺ አትበሉ። እነሱ ከሌሉ ከሥር የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ይገባል፤ መጀመሪያ የሚቃጠለውም የዘይት ማቀዝቀዣው አየር የሚከለክለው 3ኛው ሲሊንደር ነው። (በኋላ በተሠሩት ላይ ማቀዝቀዣውን ፈቀቅ አድርገውታል፤ የእኛዎቹ አብዛኞቹ የድሮዎቹ ናቸው።)

ይኸን ከየት አወቅክ ካላችሁ፣ አቃጥዬው ነው። አንድ ጊዜ ከደሴ እንደ ተመለስኩ፣ ሞተሩ ገና ትኩስ ሳለ፣ ቫልቮቹ ይንኳኳሉ ብዬ ጥብቅ አደረግኳቸው። ድምፁ ጠፋ፤ ደስ አለኝ። ወር ሳይሞላ ዳገት አልወጣ አለች። አንዱ ቫልቭ ተቃጥሎ ነበር። ያን ጊዜ አንድ አሮጌ መካኒክ የነገሩኝን እስከ ዛሬ አልረሳም፤ የሚንኳኳ ቫልቭ ጆሮ ነው የሚያስቸግረው፣ የሚቃጠለው ዝም ያለው ነው አሉኝ። ክፍተቱ ከጠበበ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም፤ ሙቀቱን የሚያስረክበው ደግሞ ሲዘጋ ነው። ስለዚህ ቫልቭ የሚስተካከለው ሌሊቱን ባደረ ቀዝቃዛ ሞተር ሲሆን፣ ለ1300 እና ለ1500 ሞተር ክፍተቱ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ቁልፍና ቀጭን መለኪያ ላሜራ ይበቃል። ዘይቱም 2 ሊትር ተኩል ብቻ ስለሆነና እንደ ዘመኑ መኪና የወረቀት ፊልትሮ ስለሌላት በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ መቀየር፣ የሽቦ ወንፊቷንም በቤንዚን ማጠብ ያስፈልጋል።

ስለ ከፍታችንም አንድ ነገር ልበል። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር አካባቢ ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህም ሞተሯ ገና ሳትነሣ ሩብ ያህል ጉልበቷን ታጣለች። ይኸ በሽታ አይደለም፤ የአገሩ አየር ነው። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ቢለብስ ቤንዚኑ ለአየሩ በዝቶ ነው። አንዳንዱ «ጉልበት አነሳት» ብሎ የካርቡራተሩን የቤንዚን ቀዳዳ ያሰፋል፤ ያ ቤንዚን ማባከን ነው። ለደጋ ቀዳዳው መጥበብ እንጂ መስፋት የለበትም። በበጋ አቧራችን ደግሞ የአየር ማጣሪያው ውስጥ ያለው ዘይት ጭቃ ይሆናል፤ ታጥቦ አዲስ ዘይት እስከ ምልክቱ ይጨመርበት።

በፍሬን ነገር ግን አልቀልድም። ወደ ዓባይ፣ በመርጡለ ማርያም በኩል የሚወርደውን ቁልቁለት የወረደ ሰው ያውቀዋል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት እየጠጣ ይሄዳል፤ ቁልቁለት ላይ ሲግል ውኃው ይፈላና ፔዳሉ ከእግር ሥር ይጠፋል። በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ይቀየር። ይኸን ሥራ እኔ ራሴ ብቻዬን አልሠራውም፤ ባለሙያ አስጠርቼ አጠገቡ ቆሜ አያለሁ። ቦሎ ለማሳደስ ስንሄድ የሚደረገውን የቴክኒክ ምርመራም እንደ ቅጣት የምናየው ሰዎች ተሳስተናል።

ሌላም ልለምናችሁ። በክሪክ ብቻ በተነሣች መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ! በቮልስ ክሪኩ የሚገባበት ቦታ ዝገት የሚወድደው ቦታ ነው። ድንጋይም አይታመንም፣ ይሰነጠቃል። ወፍራም የወይራ ጉማጅ በሁለቱም በኩል ይደረግ። ባለፈው አንድ ልጅ እግሩን ብቻ አውጥቶ ከመኪና ሥር ተኝቶ ሳየው ልቤ ነው የቆመው።

እና ስለ ወጣቶቹ። ስሠራ ሁልጊዜ ሦስት አራት ልጆች ይሰበሰባሉ። መጀመሪያ አባርራቸው ነበር። ኋላ ግን አንዱ መብራት ያዘልኝ፣ አንዱ ብሎኖቹን በቆርቆሮ ለቅሞ አስቀመጠ። ዛሬ ካንዴላ ፈትቶ ክፍተቱን የሚለካ፣ የጎደለውን ቁልፍ ከሩቅ በቁጥሩ የሚጠራ የ15 ዓመት ልጅ በሠፈራችን አለ። ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ፍሪሲዮን፣ ቺንጋ የምንላቸው ቃላት ከጣልያኖቹ የቀሩ ናቸው፤ ሙያው ግን ከሰው ወደ ሰው በእጅ ሲተላለፍ ኖሮ ነው እኛ ዘንድ የደረሰው። መንገድ ተዘግቶ ዕቃ ከደሴም ሆነ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ በማይመጣበት ጊዜ፣ ያለውን አስተካክሎ የሚያስነሣ እጅ በሠፈር መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። መኪናዎቹ ለቁራሌው ከሄዱ ልጆቹ የሚማሩት በምን ላይ ነው?

ስለዚህ ማኅበሩ «አሮጌ መኪና ይነሣ» ከማለት «የቆመ መኪና ይንቀሳቀስ» ቢል ይሻላል እላለሁ። በሦስት ወር ውስጥ ሞተሩን ያላስነሣ፣ ከቦታው ያላንቀሳቀሰ ሰው ይጠየቅ፤ ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠየቀው እኔ ልሁን። ዘይት ቦይ ዳር ያፈሰሰም ይቀጣ። ለተቃጠለ ዘይት ክዳን ያለው አንድ በርሜል በማኅበሩ ግቢ፣ ከጉድጓድ ውኃው ርቆ፣ ቢቀመጥ እኔ በርሜሉን እሰጣለሁ። ለአጥር እንጨት ምስጥ መከላከያ የሚፈልግ ከዚያ ይወስዳል። የብረት መቁረጫ ድምፅም ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ይቁም፤ ይኸን የጠየቁት ሕፃናት ያሏቸው ቤቶች ልክ ናቸው፣ እኔም ስበድል ኖሬያለሁ።

ይኸን በቃል ብቻ እንዳላስቀረው፣ በመጪው ቅዳሜ ጧት በ3 ሰዓት የፍሪሲዮን ሸራ ለመቀየር ሞተሯን አወርዳለሁ። የቮልስ ሞተር የሚያዘው በአራት ብሎኖች ነው፤ 17 ቁጥር ቁልፍ ይበቃል። ክብደቱ ግን ወደ 100 ኪሎ ስለሆነ ለብቻዬ አልችለውም። ሦስት ሰው ያስፈልገኛል። ባለፈው ስብሰባ «ይነሡልን» ያላችሁትም ብትመጡ ደስ ይለኛል፤ ምን እንደምንሠራ ቀርባችሁ ታያላችሁ። ዘይቱን የምንቀበልበት ሳፋ ተዘጋጅቷል፣ ጀሪካኑም ክዳን አለው። ከቦዩ በታች ያሉት እትዬ ቡና እናፈላለን ብለዋል።