ብርሃንና ክንፍ የማይታረቅ ቅራኔ የላቸውም

የኤሌክትሪክ ኃይል ለሠራተኛው የምርት መሠረት፣ ለገበሬው ጎጆ ብርሃን፣ ለደኑም እፎይታ መሆኑ አሌ የማይባል ሐቅ ነው። ከ2013 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ በጦርነቱ ሳቢያ ለወራት በጨለማ የቆየው የላሊበላ ሕዝብ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ስለሆነም ከላስታ ተራሮች የሚነሳው ተከዜ ለ300 ሜጋ ዋት ማመንጫ መዋሉንም ሆነ የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫ በ2006 ዓ.ም. በ120 ሜጋ ዋት አቅም መመረቁን በሙሉ ልብ እንደግፋለን።

ይሁን እንጂ ኃይል ማመንጨትና ማሰራጨት የዱር ሀብትን በዘፈቀደ የማጥፋት ፈቃድ አይደለም። ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው አቡነ ዮሴፍ የቀይ ቀበሮ፣ የጭላዳና የጥንብ አንሳ አሞራዎች መኖሪያ ነው። ከእስያ የሚመጡ ንስሮችም በየመኸሩ ባብ ኤል ማንደብን ያቋርጣሉ። በባሕር ዳርቻ የሚደርሰው ጥፋት እንግዲህ ለደጋው ሰማይም ይተርፋል።

ለዚህ በሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በፖርት ሱዳን የተዘረጋው የኤሌክትሪክ መስመር በቂ ምስክር ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራው ይህ መስመር እስከተቋረጠበት እስከ 2014 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ብዙ ነጭ ጥንብ አንሳዎችን ፈጅቷል። አሞራው ምሰሶው ላይ ሲያርፍ ክንፉ ሁለት ሽቦዎችን ወይም ሽቦውንና ብረቱን ካገናኘ በቅጽበት ይሞታል፤ መብራቱም ሊቋረጥ ይችላል። አሞራን የሚገድል መስመር ሕዝብንም በጨለማ የሚያስቀምጥ ነው ማለት ነው።

ጥፋቱ ከኃይሉ ሳይሆን ከአሠራሩ የሚመነጭ በመሆኑ መፍትሔውም በእጃችን ነው። በምሰሶው ላይ ያለው ሽቦ በመከላከያ ሊሸፈን፣ በሽቦዎቹ መካከል ያለው ርቀት ሊሰፋ፣ ተርባይኖችም ከአእዋፍ መተላለፊያ ርቀው ሊተከሉ ይችላሉ። በግብፅ የስዌዝ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የአእዋፍ መንጋ ሲያልፍ ተርባይኖች ለጊዜው እንዲቆሙ መደረጉም የሚታወቅ ነው።

ጥንብ አንሳ አሞራ በየሜዳው የወደቀውን በድን እያነሳ ያለ ደመወዝ የጽዳት ሥራ የሚያከናውን የሕዝብ አገልጋይ ነው። የሚራባውም በዝግታ በመሆኑ ባንድ ቀን የጠፋው በብዙ ዓመት አይተካም።

ስለዚህ የቀበሌ ነዋሪዎች በአካባቢያቸው ምሰሶ ከመተከሉ በፊት የአእዋፍ ደኅንነት መታሰቡን በስብሰባቸው ሊጠይቁ፣ ከመስመር ሥር የወደቀ አሞራ ሲያገኙም ሳይነኩ ለሚመለከተው ክፍል ሊያሳውቁ ይገባል። የመስመር ዝርጋታ ሠራተኛውም የመከላከያውን ሽፋን እንደ ትርፍ ወጪ ሳይሆን እንደ ሥራው አካል ሊቆጥረው ግድ ይላል። ለሕዝብ የሚዘረጋ ብርሃን የሕዝብን ሀብት ሊጠብቅ እንጂ ሊያጠፋ አይገባውም።