ያረጀውን ሽቦ ማን ይቀይረው?



በዚህ ወር ዓምዳችን ስለ ሽቦ እናወራለን። «ስለ ሽቦ ደግሞ ምን ይወራል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ልጁ የፈተና ውጤቱን ለማየት ስልኩን ይዞ ከጓዳ ወደ በረንዳ ሲመላለስ ያየ ወላጅ፣ ጅዳ ካለች እህቱ ጋር ሲነጋገር ምስሏ ደርቆ ድምፅዋ የተቆራረጠበት ወንድም፣ የወር ክፍያውን ሳያጓድል እየከፈለ የሚሽከረከር ክብ ምልክት ብቻ የሚያይ ቤተሰብ የነገሩን ሥር ቢያውቀው አይከፋም።

ከፒያሳ ተነሥቶ የራስ መኮንን ድልድይን ተሻግሮ ወደ አራት ኪሎ የሚወጣ ሰው ድሮ ቀና ሲል የሚያየው ሰማይ ሳይሆን ሽቦ ነበር። የመብራቱ፣ የስልኩ፣ ባለቤቱ የጠፋው ሁሉ ከምሰሶ ምሰሶ ተወሳስቦ እንደ ሸረሪት ድር ተንጠልጥሎ ይኖር ነበር። በ2024 (በዚህ ጽሑፍ ካልተለየ በቀር ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር መንገዱ ተቆፈረ፣ ቤቱም ፈረሰ፣ የመሠረተ ልማት መስመሮችም ከመሬት በታች እንዲያልፉ ተደረገ። ስለ ኮሪደሩ ብዙ ተብሏል። ደስ ያለው አለ፣ ከኖረበት የተነሣ አለ፤ ያንን ለሌላ ጊዜ እንተወው። እኛን ያስገረመን ግን ይህ ነው፦ በዚያ ሰፈር ሰው ስለ መስመሩ ለዓመታት ሲያማርር ኖሯል፤ ሽቦው በብዛት የተነሣው ግን መንገድ ሊሠራ ሲቆፈር ነው። አቤቱታ ያላነቃነቀውን ዶማ አነቃነቀው ማለት ነው።

ይህ የሆነበትን ምክንያት ለመረዳት መጀመሪያ ሽቦውን ራሱን እንወቀው።

አሮጌው የቤት ስልክ መስመር ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች ተጠማዘው የተሠሩበት ነው። የተዘረጋውም ለድምፅ ነበር፤ ለኢንተርኔት ያሰበው ሰው አልነበረም። በኋላ ኤ.ዲ.ኤስ.ኤል የተባለው ዘዴ መጣና በዚያው በድምፅ ሽቦ ላይ ኢንተርኔትን አሳፈረው። ብልሃቱ ጥሩ ነበር፣ አዲስ መስመር ሳይዘረጋ ብዙ ቤት ገባ። ጉዳቱ ግን መዳብ ላይ የሚሄደው ምልክት በሄደ ቁጥር እየደከመ መምጣቱ ነው። ከስልክ ጣቢያው አጠገብ ያለ ቤት በተሻሻለው የኤ.ዲ.ኤስ.ኤል ዓይነት በሰከንድ እስከ 24 ሜጋ ቢት ሊደርሰው ሲችል፣ 5 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው ጥቂት ሜጋ ቢት ቢያገኝ ነው። ጀበናው አንድ ነው፤ አቦል የጠጣውና በረካ የደረሰው ግን እኩል አልጠጡም።

በዚህ ላይ ዕድሜ ይጨመራል። ሽቦ በየመንገዱ ይቀጠላል፤ መቀጣጠያው ላይ እርጥበት ይገባል፣ ይዝጋል። ክረምት ሲገባ መስመራችሁ «የሚታመመው» ለዚህ ነው። ጥገና የሚመጣው ባለሙያ አንዱን መገጣጠሚያ ያደርቃል፣ ያጠብቃል፤ ለሳምንት ደህና ይሆናል፣ ከዚያ ሌላው መገጣጠሚያ ይታመማል። ባለሙያውን መውቀስ ግፍ ነው። የተሰጠው መጠገኛ እንጂ መቀየሪያ አይደለም።

ፋይበር የሚባለው ግን በቀጭን መስታወት ውስጥ ብርሃን የሚያልፍበት ነው። ዝገት አያውቀውም፣ እርጥበትም እንደ መዳብ አያሸንፈውም፣ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለ ቤትም ጎረቤት ካለው ብዙም የማያንስ ፍጥነት ያገኛል። በመዳብ መስመር ዘመን «እስከ ይህን ያህል ሜጋ ቢት» በሚለው ማስታወቂያ ውስጥ «እስከ» የምትለዋ ትንሽ ቃል የምትሸከመው ሸክም ቀላል አልነበረም።

እንግዲህ አዲሱ ከአሮጌው በዚህ መጠን የሚበልጥ ከሆነ ለምን ቶሎ አይቀየርም? ታሪኩን ትንሽ ወደኋላ እንሂድበት።

ሀገራችን ለስልክ እንግዳ አይደለችም። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1894፣ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው መስመር ሥራ ተጀመረ። ኢንተርኔት ለሕዝብ የተከፈተው ደግሞ በ1997 ነው። ያኔ በስልክ መስመር ሞደም እያንጫጩ ነበር የሚገባው። ከዚያ በኋላ በአራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ የበቀሉትን ኢንተርኔት ቤቶች ታላላቆቻችን ያስታውሷቸዋል። በተለይ ዲቪ በ2003 በኢንተርኔት ብቻ መሞላት ከጀመረ ወዲህ በሰሞኑ ወረፋው ደጅ ድረስ ነበር። አንዱን ፎቶ ለመላክ የሚወስደውን ጊዜ በደቂቃ እየከፈሉ መጠበቅ! ትዕግሥትን ያስተማረን እሱ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

በ2006 መንግሥት ዜድቲኢ ከተባለው የቻይና ኩባንያ ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት አደረገ። ገንዘቡ በብድር የሚመጣው በዚያው ዕቃውን በሚያቀርበው ኩባንያ በኩል ነበር። ኔትወርኩ ሰፋ፣ የተንቀሳቃሽ ስልክ ቁጥርም በዛ፤ ይህ የሚካድ አይደለም። በ2013 ደግሞ ሁዋዌና ዜድቲኢ እያንዳንዳቸው 800 ሚሊዮን ዶላር፣ በድምሩ 1.6 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ የማስፋፊያ ሥራ ተካፈሉ። ክርክሩ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። ቀድሞ የተተከለውን አሮጌ መሣሪያ በአዲስ የመለወጡን ወጪ ማን ይሸፍን? ኢትዮ ቴሌኮም ተጨማሪ ክፍያ የለበትም አለ፤ ዜድቲኢ ይከፈለኝ አለ። ነገሩ አልስማማ ሲል በ2014 መጨረሻ ከዜድቲኢ ድርሻ ከፊሉ ለስዊድኑ ኤሪክሰን ተሰጠ።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ክርክር አጥብቀን እንድንይዘው የፈለግነው በምክንያት ነው። የወፍጮ ቤት ባለቤት ወፍጮውን በዱቤ ሲገዛ ስለ ዋጋው ብቻ ተነጋግሮ፣ ድንጋዩ ሲያልቅ ማን እንደሚቀይር ሳይጽፍ ቢፈርም በኋላ የሚጨቃጨቀው ከሻጩ ጋር ይሁን እንጂ ቁና ይዞ ደጅ የሚቀመጠው ደንበኛው ነው። እህሉ አይፈጭለትም፤ ውሉን ደግሞ አላየውም። ትልልቅ ኩባንያዎች ሲከራከሩም የሚጠብቀው ያው ባለ ቁናው ነው። በ2015 መጋቢት አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የአራተኛው ትውልድ አገልግሎት ሲከፈት ለ400,000 ደንበኞች የሚሆን ነበር። ሌላው ሀገር በሦስተኛውም በሁለተኛውም ቆየ።

ያለማደሱ ምክንያት ሁሌ ስንፍና አይደለም፤ ሒሳብ ነው። ዋጋው አስቀድሞ ተከፍሎ ያለቀ መሣሪያ የሚያስገባው ገቢ ሁሉ ትርፍ ይመስላል። አዲሱ ግን ዛሬ ወጪ ነው፤ ፍሬው ነገ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. የበጀት ዓመት 162 ቢሊዮን ብር ያህል ገቢ ማግኘቱን አስታውቋል። በ2024 ጥቅምት ደግሞ 10 በመቶ ድርሻው አንዱ አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ ሽያጭ ቀርቧል። ስለዚህ ከእንግዲህ ትርፉ ሲቆጠር «ይከፋፈል» የሚልና «መስመሩ ይታደስበት» የሚል ሰው በአንድ አዳራሽ ሊቀመጥ ነው። አክሲዮን የገዛችሁ አንባብያን በጉባኤው የትኛውን እንደምትሉ አናውቅም። ቤታችሁ ስትገቡ ግን የምትጠቀሙት ያንኑ መስመር ነው።

ፍትሕ ለማጓደል አንፈልግምና የሌላውንም ወገን ችግር እንናገር። መሣሪያው የሚገዛው በዶላር ነው፤ እኛ የምንከፍለው በብር ነው። በ2024 ሐምሌ መጨረሻ የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ትናንት በአንድ ዋጋ የታቀደ ዕቃ ዛሬ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ታሪፍ መጨመሩም ከዚያ ተከተለ። ኢትዮ ቴሌኮምም በበኩሉ የመዳቡን መስመር በፋይበር ሲተካ ቆይቷል፤ ሥራው አልተጀመረም ማለት ሐሰት ይሆናል።

ሌላው የሚነሣው ውድድር ነው። ሳፋሪኮም በ2021 ለፈቃድ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ፣ በ2022 ጥቅምት አገልግሎቱን በአዲስ አበባ በይፋ ሲያስጀምር ብዙዎቻችን ሁለት ሲም መያዝ ጀመርን። በተንቀሳቃሽ ስልኩ በኩል ለውጡ ታይቷል። ነገር ግን ተፎካካሪ የሚመጣው ቶሎ ወደሚተከለው ምሰሶ እንጂ፣ ግቢ ለግቢ ቆፍሮ ወደየቤቱ ለመግባት አይደለም። በመሬት ውስጥ ላለው ሽቦ ውድድር ዘገምተኛ ሐኪም ነው።

በመምህርነታችን የሚያሳስበን ከዚህ የሚከተለው ነው። የትምህርት ሚኒስቴር ሕንፃ ያለው እዚያው አራት ኪሎ ነው። ከዚያ የሚወጣው ውሳኔ አሁን በሽቦ ላይ ነው የሚጓዘው። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተር ይሰጣል፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም በ2016 ዓ.ም. ለከፊሎቹ ተማሪዎች በኦንላይን ተሰጥቷል። ሐሳቡን አንቃወምም፤ የፈተና ስርቆት ያመጣብንን ጣጣ እናውቃለን። ሆኖም ቤቱ ፋይበር የገባለት ልጅ የልምምድ ጥያቄውን በሰከንድ ሲያወርድ፣ በአሮጌው መዳብ ጫፍ ላይ ያለው ልጅ ገጹ እስኪከፈት መግሪብ ይሆንበታል። ሁለቱ የሚቀመጡት ግን ለአንድ ፈተና ነው። የሽቦው እርጅና የልጁ ውጤት ላይ ሲጻፍ ማንም «ይህ የሽቦው ነው» ብሎ አይቀንስለትም።

«ሀብታም ሀገር ቢሆን ይህ አይገጥመውም» የምትሉ ካላችሁ አውስትራሊያን እዩ። በ2009 መንግሥቷ ዘጠኝ እጅ ለሚሆነው ሕዝብ ፋይበር ቤቱ ድረስ አስገባለሁ ብሎ ተነሣ። በ2013 የመጣው መንግሥት ወጪ ለመቆጠብ ሲል በብዙ ቦታ የመጨረሻውን ርቀት በድሮው መዳብ ይሁን አለ። በ2020 ደግሞ በዚያ መዳብ ላይ የቀሩ ብዙ ቤቶችን ጭምር ለማሻሻል የ4.5 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ዕቅድ ወጣ። ልዩነቱ፣ እዚያ ጉዳዩ የምርጫ ክርክር ሆነ። እዚህ የካፌ ወሬ ነው።

ታዲያ ከቤተሰብ ምን ይጠበቃል? መጀመሪያ ጥፋቱ ከየት እንደሆነ መለየት። ኮምፒውተሩን በኬብል በቀጥታ ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ መሞከር፤ በኬብል ደህና ሆኖ በዋይፋይ ከደከመ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው፤ አምስት ግድግዳ ለሚያቋርጥ ዋይፋይ ቴሌን አንውቀስ። በኬብልም ከደከመ ለጥቂት ቀናት ጠዋትና ማታ የተለካውን ፍጥነት ከነቀኑና ሰዓቱ በደብተር መያዝ፣ ስታመለክቱ የሚሰጣችሁን የአቤቱታ ቁጥርም አብሮ መጻፍ። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የደንበኞችን ቅሬታ የማየት ሥልጣን አለው። አንድ ቤት ብቻውን ሲያመለክት «የእርስዎ መስመር ነው» ይባላል፤ የአንድ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ተሰብስቦ፣ ልኬቱን አያይዞ ሲያመለክት ግን የመስመሩ እርጅና ከወረቀቱ ላይ ይነበባል።

ቤት በመሥራት ላይ ያላችሁ፣ መስጊድ ወይም መድረሳ የምታሠሩ ኮሚቴዎችም አንድ ነገር ልብ በሉ። በአራት ኪሎ እንደታየው አዲሱ መስመር መንገዱ ዳር ሊደርስ ይችላል፤ ከመንገዱ ወደ ግቢ የሚገባው ቀዳዳ ከሌለ ግን እንደገና አስፋልትና ሊሾ መስበር ሊመጣ ነው። ሊሾው ከመፍሰሱ በፊት ከግቢው በር እስከ ቤቱ ግድግዳ ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ ቅበሩ። ከመብራቱ ቱቦ የተለየ ይሁን፤ በሹል ማዕዘን አይታጠፍ፤ አፉን አፈር እንዳይገባበት ድፈኑት። ከመድፈናችሁ በፊት ግን ኬብሉን በኋላ ለመሳብ የሚያገለግል ጠንካራ ሲባጎ በውስጡ አሳልፉና ጫፎቹን በሁለቱም በኩል እሰሩ።