ቴርሞስታት ነቅሎ መጣል «ማሻሻል» አይደለም!

ከደብረ ታቦር ተነሥታችሁ በክምር ድንጋይ በኩል የጉናን ትከሻ ይዛችሁ ወደ ጋይንት ስትወጡ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ዳር የያዘ መኪና ብታዩ አትደነቁ። የሚደንቀው ቦታው ነው። ነፋስ መውጫ ተብሎ በተሰየመ ደጋ፣ ጋቢ በማያስጥል ብርድ፣ ሞተር ይፈላል። ሾፌሩ «በዚህ ብርድ እንዴት?» ይላል። የብዙ ጋራዥ መልስ አንድ ነው፦ «ቴርሞስታቱን አውጣና ጣለው!»

ወገኖች፣ ይህ ምክር ሞተር ገዳይ ነው። ይባስ ብሎ ኮሮላውን ወይም ሃይሉክሱን ቱርቦ ጭኖ፣ ቸርኬ ቀይሮ፣ ማርሚታ ከፍቶ «ሞዲፋይ አደረግሁ» የሚለው ወጣት ይህንኑ ምክር እንደ ማሻሻያ ይዞታል። ለጩኸቱ በሺህ የሚቆጠር ብር ያወጣል፤ ለማቀዝቀዣው የቧንቧ ውኃ ይሞላል።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ጉልበት ሲሶ ያህሉ ሙቀት ሆኖ ወደ ማቀዝቀዣው ይገባል። ያንን ሙቀት ከራዲያተሩ ላይ የሚወስደው አየር ነው። የአየሩ ብርድ ብቻ ግን አይበቃም፤ ብዛቱም ያስፈልጋል። 3000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ዳገቱ ላይ ስለሚደክም ሙቀቱም አብሮ ይቀንሳል። ቱርቦ የተጫነበት ግን ኃይሉን ይዞ ይወጣል፤ ሙቀቱንም ይዞ ይወጣል። አየሩ ግን ያው የሳሳው ነው። ኃይል የጨመረ ሰው ከሁሉ በፊት ማቀዝቀዣውን ማሳደግ ያለበት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ነገር ግፊት ነው። በዚህ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ 90 ዲግሪ ላይ ይፈላል። አብዛኛው ቴርሞስታት ደግሞ መከፈት የሚጀምረው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው ነው። ማለትም የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቆመ፣ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ በሚሠራበት ሙቀት ላይ ውኃው ለመፍላት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ይቀረዋል። ደህና ክዳን፣ 0.9 ባር የሚይዘው፣ የመፍያውን ልክ እዚያው ደጋ ላይ ወደ 113 ዲግሪ ያደርሰዋል። እኩል በእኩል የተቀላቀለ ኩላንት ደግሞ ከዚያም ከፍ ያደርገዋል። ስንት ሰው ነው ከጠቅላላው ዕቃ ርካሹን፣ ያችን ክዳን፣ ሳይመለከት ሞተር ያስፈታው?

አሁን ወደ ቴርሞስታቱ እንመለስ። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ብርድ ላይ ቶሎ አይሞቅም፤ ዘይቱ እንደ ወፈረ ይዞራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ውስጡ ይበላል። ይህ ብቻ አይደለም። ብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ወደ ራዲያተር የማይሄደውን አቋራጭ መስመር ይዘጋል። ነቅላችሁ ስትጥሉት አቋራጩ እንደ ተከፈተ ይቀራል፤ ከፊሉ ትኩስ ውኃ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተር ይገባል። ያበርዳል ብላችሁ ያወጣችሁት ዕቃ ዳገት ላይ ያፈላችኋል ማለት ነው። የመጀመሪያው በሽታም፣ የተደፈነው ራዲያተር ወይም የደከመው ዋተር ፓምፕ፣ እዚያው ተደብቆ ይኖራል፤ ቴስታታው እስኪጣመም ድረስ።

«ገበያው የማይረባ ቴርሞስታት ሞልቶበታል፣ ተዘግቶ ቀርቶ ሞተር ይገድላል» የሚል መካኒክ አለ። እውነቱን ነው፤ ተዘግቶ የቀረ ቴርሞስታት ይገድላል። መፍትሔው ግን መፈተን ነው። ከመግጠማችሁ በፊት ድስት ውስጥ ውኃ አፍሉና ክተቱት። በ82 የሚከፈተው ደጋ ላይም ሲከፈት በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ካልተከፈተ መልሱት።

«ኩላንት ውድ ነው» የሚልም አለ። ከምን አንጻር? የቧንቧ ውኃ የሚያመጣው ዝገትና ቅርፊት ራዲያተሩን ይደፍናል፣ ፓምፑን ይበላል። በየካቲት 2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አክብዶታል። በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። በእጃችን ያለው ሞተር ምትኩ ቀላል አይደለም ማለት ነው። «ወደ ኤሌክትሪክ እንሄዳለን» የምትሉም አትዝናኑ፤ የብዙዎቹ ባትሪ የሚቀዘቅዘው በዚሁ በፈሳሽ፣ በፓምፕና በራዲያተር ነው።

ይህ መንገድ ራሱ አስተማሪ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ወደ 7 ቶን የሚመዝን ሴባስቶፖል ወደ መቅደላ ያጓጓዙት በዚሁ በጋይንት በኩል ነው። ገደሉን እያስፈለጡ፣ መንገዱን እያስጠረጉ ነበር የሄዱት። ኃይል ያለ መሸከሚያ እንደማይንቀሳቀስ ያን ጊዜም ታውቆ ነበር።

እንግዲህ ማሻሻል የምትፈልጉ፣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ሥርዓቱን አሳጥቡ፣ በግፊት አስፈትሹ፣ ክዳኑን ቀይሩ። ፋኑን የሚከበው ፕላስቲክ ካለ አትጣሉት፤ አየሩን በመላው ራዲያተር የሚያስበው እሱ ነው። ትክክለኛ ቴርሞስታትና በንጹሕ ውኃ የተበጠበጠ ኩላንት ግጠሙ። ከዚያ በኋላ ወፍራም ራዲያተርና የዘይት ማቀዝቀዣ ይምጣ። ቱርቦው መጨረሻ ነው።

ለሚመለከታቸውም አንድ ቃል። ድጓውን ለማስመስከር ቤተ ልሔም ድረስ የሚኬድበት አገር፣ ሞተር የሚፈታውን ሰው «ማን መሰከረልህ?» ብሎ አይጠይቅም። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ማቀዝቀዣን በደጋ ከፍታ ልክ ያስተምሩ። ዓመታዊ ምርመራ የሚያደርጉ ተቋማት የራዲያተር ክዳንና የኩላንት መጠን ይለኩ። ጨጨሆ ላይ አሥራ አምስት ሰው ጭኖ የሚፈላ ሚኒባስ የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ጋራዥ ገብታችሁ «አውጣው» ሲላችሁ፣ «ምን ስለ ሆነ ነው የፈላው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።