የመድኃኒት ግማሹ መንገዱ ነው

አዲስ መድኃኒት ተገኘ የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር ሁላችንም ደስ ይለናል፤ ደስታውም የተገባ ነው። ነገር ግን ከዚህ ደስታ ቀጥሎ ልንጠይቀው የሚገባን፥ ብዙ ጊዜም የምንዘነጋው ሁለተኛ ጥያቄ አለ። ይኸውም የተገኘው መድኃኒት ከብልቃጡ ወጥቶ፥ በሚበቃ መጠንና በሚያስፈልገው ሰዓት፥ ከታመመው የሰውነት ክፍል ድረስ እንዴት ይደርሳል የሚለው ነው። ወንዙ ሞልቶ እየፈሰሰ ቦይ ያልተቀደደለት ማሳ እንደሚደርቅ ሁሉ፥ መድኃኒትም መንገድ ካልተበጀለት በሽተኛው አጠገቡ ሆኖ ሳይድን ይቀራል።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት በሕክምናው ዓለም ታላቅ ስም ያገኙት ሥራዎች በጥንቃቄ ሲመረመሩ፥ ብዙዎቹ አዲስ መድኃኒት ብቻ ሳይሆኑ አዲስ መንገድም ሆነው ይገኛሉ። ይህን መንገድ የሚቀይሱትም ሐኪሞች ብቻ አይደሉም። መሐንዲሶች፥ የኬሚስትሪ ዐዋቂዎች፥ የፕላስቲክና የቅባት ጠባይ የሚያጠኑ ሊቃውንት አብረው ይሠራሉ። በዛሬው ጽሑፋችን ከነዚህ መንገዶች ሦስቱን እንመለከታለን። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።

ክኒን የሚሄድበት መንገድ

አንድ ሰው ክኒን ሲውጥ መድኃኒቱ ወዲያውኑ ወደ በሽታው የሚሄድ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ክኒኑ በመጀመሪያ ከጨጓራ አሲድ ጋር ይጋጠማል፤ ከአንጀት ተመጥጦ ወደ ጉበት ሲደርስ ጉበት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ከፊሉን ያፈርሰዋል፤ የተረፈው በደም አማካይነት በመላው አካል ይበተናል። መጠኑም ከዋጡት በኋላ ከፍ ይላል፥ ከጥቂት ሰዓት በኋላም ዝቅ ይላል። ከልክ በላይ ሲወጣ መርዝ ይሆናል፤ ከልክ በታች ሲወርድ ደግሞ ምንም አይረባም። ሐኪም በየስምንት ሰዓቱ ወይም በየቀኑ እንድንውጥ የሚያዘን ስለዚህ ነው።

ይህም ሁሉ ሆኖ ትልቁ እንቅፋት በሰውነት ውስጥ ሳይሆን በኑሮ ውስጥ ይገኛል። ሰው ይረሳል። ሰው መንገድ ይሄዳል። ሰው ያፍራል፤ ክኒን ሲውጥ ጎረቤት እንዳያየው፥ የብልቃጡ ኮሽታ እንዳይሰማበት ይሠጋል። እንግዲህ የሊቃውንቱ ጥያቄ መድኃኒቱን በየቀኑ ማስታወስ ሳያስፈልግ ቀስ እያለ ራሱን የሚሰፍርበት ዘዴ ይገኝ እንደሆነ ነበር።

የዚህ ዘዴ ታሪክ ረዘም ያለ ነው። ጁዳ ፎክማን የተባለ አሜሪካዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም በባሕር ኃይል ውስጥ ሲያገለግል፥ ዴቪድ ሎንግ ከተባለ ባልደረባው ጋር ሆኖ አንዳንድ ንጥረ ነገሮች ሲሊኮን በሚባለው የላስቲክ ዓይነት ውስጥ ቀስ እያሉ ሰርገው እንደሚወጡ ተመለከተ። ሁለቱ በ1964 ባወጡት ጽሑፍ ላስቲኩ መድኃኒትን ለብዙ ጊዜ የሚያንጠባጥብ ዕቃ ሊሆን እንደሚችል አስታወቁ። ከ12 ዓመት በኋላ፥ በ1976፥ ሮበርት ላንገር የተባለ ወጣት የኬሚካል መሐንዲስ ከፎክማን ጋር ሲሠራ፥ እንደ ፕሮቲን ያሉ ትልልቅ ሞለኪውሎችም ከፕላስቲክ ውስጥ ቀስ ብለው እንዲወጡ ማድረግ እንደሚቻል አሳየ። በዚያን ጊዜ ብዙዎች ሊሆን አይችልም ይሉ ነበር፤ ላንገር ለምርምሩ ገንዘብ የጠየቀባቸው የመጀመሪያዎቹ ማመልከቻዎችም ተቀባይነት አላገኙም። ዛሬ ግን ይህ ትምህርት በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ራሱን የቻለ ክፍል ሆኗል።

የዚህን ፍሬ ለማየት ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በ2009 በአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው በእናቶች ክንድ ውስጥ ማስገባት የጀመሩት ኢምፕላኖን የተባለው የወሊድ መቆጣጠሪያ የዚሁ ዘዴ ልጅ ነው። ርዝመቱ 4 ሳንቲ ሜትር፥ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ፥ የክብሪት እንጨት የሚያህል ፕላስቲክ ነው። በውስጡ የያዘውን መድኃኒት ለ3 ዓመት በየዕለቱ በጥቂት በጥቂቱ ይለቃል። በዚህ ረገድ ፕላስቲኩ ብቻውን ምንም ባላደረገ ነበር። ያቺ ከገበሬ ቤት ወደ ገበሬ ቤት በእግሯ የምትዞረው የጤና ሠራተኛ የመንገዱ ግማሽ ሆናለች።

በዓመት ሁለት ጊዜ

በ2024 የተሰማው ዜና ደግሞ ከዚህ ሁሉ የበለጠ ነው። ሌናካፓቪር የተባለ መድኃኒት ኤች አይ ቪ እንዳይይዝ ለመከላከል በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ ተፈተነ። ፈቃደኞቹ ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 25 ዓመት የሆኑ፥ ቫይረሱ የሌለባቸው ልጃገረዶችና ወጣት ሴቶች ነበሩ። ከነሱም መካከል 2,134 ያህሉ መድኃኒቱን በስድስት ስድስት ወር በመርፌ ወሰዱ። 1,068ቱ ደግሞ ከዚህ በፊት የታወቀውን የዕለት ክኒን፥ 2,136ቱ ሌላ አዲስ የዕለት ክኒን ተሰጣቸው።

ውጤቱ ሲገለጥ በነባሩ ክኒን ከነበሩት 16፥ በአዲሱ ክኒን ከነበሩት 39 ሴቶች በቫይረሱ ተይዘው ተገኙ። መርፌውን ከወሰዱት ግን አንዲት እንኳ አልተያዘችም። በዚህም ምክንያት ሙከራውን የሚቆጣጠሩት ገለልተኛ ሊቃውንት መርፌው ለሁሉም እንዲሰጥ በ2024 በጁን ወር አሳሰቡ።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስብ። ነባሩ ክኒን መጥፎ ስለ ሆነ አይደለም። በየቀኑ ለሚውጠው ሰው እጅግ ጥሩ ጋሻ እንደ ሆነ ከታወቀ ቆይቷል። ነገር ግን በዚሁ ሙከራ የሴቶቹ ደም ሲመረመር ብዙዎቹ ክኒኑን በየቀኑ እንዳልዋጡት ታወቀ። እንግዲህ ልዩነቱን ያመጣው የመድኃኒቱ ኃይል ብቻ ሳይሆን የመንገዱም ነገር ነው።

የሥራውም ጥበብ ሊነገር የሚገባው ነው። ሌናካፓቪር በውሃ ውስጥ በጣም በጥቂቱ እንጂ አይሟሟም። ለክኒን ቢሆን ይህ ጠባይ እንደ ጉድለት ይቆጠር ነበር። ሊቃውንቱ ግን ጉድለቱን ወደ ጥቅም መለሱት። መድኃኒቱ በመርፌ ከቆዳ ሥር ሲገባ በዚያው ይረጋና እንደ ጎተራ ሆኖ ይቀመጣል፤ ከጎተራውም ለስድስት ወር በመጠን እየተሰፈረ ወደ ደም ይገባል። መርፌው ሲጀመር በመጀመሪያው ቀንና በማግሥቱ ክኒን አብሮ ይዋጣል፤ ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው መርፌ ድረስ የሚታሰብ ነገር የለም። መድኃኒቱ የሚመታውም የቫይረሱን ዘር የሚሸፍነውን ቅርፊት ነው። የዚህን ቅርፊት አሠራር እንደ ዌስሊ ሰንድኲስት ያሉ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት ሲያጠኑ፥ ከጥናቱ መድኃኒት ይወጣል ብሎ የገመተ ብዙ ሰው አልነበረም።

በቅባት የተጠቀለለ መልእክት

ሁለተኛው መንገድ የጥቅል መንገድ ነው። በ2020 መጨረሻ ከኮቪድ ክትባቶች አንዳንዶቹ ኤም አር ኤን ኤ በተባለ መልእክት ላይ ተመሥርተው መሠራታቸው ይታወሳል። ይህ መልእክት ለሰውነት ሕዋስ አንድን ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ የሚነግር ትእዛዝ ነው። ነገር ግን በጣም ተሰባሪ ነው። እርቃኑን ወደ ሰውነት ቢገባ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳል፤ ሰውነትም እንደ ጠላት ቆጥሮ ይነሣበታል።

የሁለተኛውን ችግር መፍትሔ ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን በ2005 አሳወቁ። ከመልእክቱ ፊደላት አንዱን በጥቂቱ በመለወጥ የሰውነትን ቁጣ አበረዱት። ካሪኮ ከዚያ በፊት ለምርምሯ ገንዘብ አጥታ በሥራዋም ከደረጃዋ ዝቅ እስከ መደረግ ደርሳ ነበር፤ በ2023 ግን ሁለቱ የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። የመጀመሪያው ችግር መፍትሔ ያገኘው በቅባት ነው። መልእክቱ ከአራት ዓይነት ቅባቶች በተሠራና ከጠጉር ውፍረት አንድ ሺሕኛውን በሚያህል እንክብል ውስጥ ይጠቀለላል። ከአራቱ አንዱ ብልኅ ጠባይ አለው፤ በደም ውስጥ ሳለ ዝም ይላል፥ ሕዋሱ ውጦት አሲድ ወዳለበት ከረጢት ሲገባ ግን ጠባዩን ይለውጥና ከረጢቱን ቀድዶ መልእክቱን ያስወጣል። ይህ ዓይነት ጥቅል በ2018 አንድ በዘር የሚተላለፍ በሽታን ለማከም በቅቶ ነበርና ወረርሽኙ ሲመጣ መንገዱ ከሞላ ጐደል ተጠርጎ ቆየ።

በ2025 ደግሞ በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ፥ ጉበቱ አሞንያን ማስወገድ ተስኖት ለተወለደ አንድ ሕፃን፥ የዘሩን ስሕተት የሚያርም መድኃኒት ለእርሱ ብቻ ተሠርቶ በዚሁ የቅባት ጥቅል ተሰጠው። ሕፃኑም ተሻለው። ሆኖም ጥቅሉ ወደ ጉበት መሄድን የሚወድ በመሆኑ ለጉበት በሽታ ተመቸ እንጂ ወደ አንጎልና ወደ ልብ በሚፈለገው መጠን የሚያደርሰው መንገድ ገና እየተፈለገ ነው።

መርፌ የሌለበት ክትባት

ሦስተኛው ለኛ አገር ይበልጥ የሚቀርብ ነው። የኩፍኝ ክትባት ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ይሁን እንጂ በማቀዝቀዣ መጠበቅ አለበት፤ በዱቄት መልክ ስለሚመጣ በፈሳሽ ይበጠበጣል፤ ከተበጠበጠም በኋላ በስድስት ሰዓት ውስጥ ያልተሰጠው ይደፋል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ልጆች የሚበቃ ሲሆን አንዲት እናት ልጇን ይዛ ለብቻዋ ስትመጣ፥ የጤና ሠራተኛዋ የቀረው እንዳይባክን ሰግታ ሌላ ቀን ተመለሽ ለማለት ትገደዳለች። ግማሽ ቀን በእግሯ የመጣች እናት ደግሞ መመለሷ ያጠራጥራል።

በጋምቢያ የተደረገውና ውጤቱ በ2024 የታተመው ሙከራ ለዚህ ችግር ተስፋ የሚሰጥ ነው። ክትባቱ እንደ ቁስል ፕላስተር ባለ ትንሽ ልጥፍ ላይ፥ በጥቃቅን እሾኮች ጫፍ ደርቆ ተቀምጧል። ልጥፉ ክንድ ላይ ጥቂት ደቂቃ ሲጫን እሾኮቹ በቆዳ ውስጥ ይሟሟሉ። በአንድ ልጥፍ ከተከተቡት ሕፃናት ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆኑት ከኩፍኝ የሚጠብቅ ኃይል አገኙ። ሙከራው በጥቂት መቶ ሰዎች ላይ የተደረገ ስለሆነ ገና ሰፊ ፈተና ይጠብቀዋል። ቢሳካ ግን አንድ ልጥፍ ለአንድ ልጅ ነውና የሚደፋ ክትባት፥ ተመለሺ የምትባልም እናት አትኖርም።

የመጨረሻው ምዕራፍ

እስካሁን ያየነው በሰውነት ውስጥ ያለውን መንገድ ነው። ከፋብሪካ እስከ ጤና ጣቢያ ያለው መንገድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይከብዳል። ሌናካፓቪር በ2025 በአሜሪካ ሲፈቀድ የዓመት ዋጋው 28,218 ዶላር ሆኖ ተነገረ። በሙከራው የተሳተፉት የኡጋንዳ ልጃገረዶች ይህን ዋጋ መክፈል መቻላቸው ያጠራጥራል። የመድኃኒቱ ባለቤት የሆነው ጊሊያድ ኩባንያ በ2024 ለስድስት ፋብሪካዎች፥ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ120 አገሮች የሚሆን እንዲሠሩ ፈቃድ ሰጠ። በ2025 በሴፕቴምበር ወር ደግሞ በሕንድ አገር የሚሠራው በ2027 በዓመት 40 ዶላር እንደሚሸጥ ተነገረ። ሁለቱ ዋጋዎች ሲተያዩ አንዱ ከሌላው ከ700 እጥፍ በላይ ነው። በዱቄቱ ላይ ልዩነት የለም፤ ልዩነቱ በውል ላይ ነው። ሁለተኛው ሙከራ የተደረገባቸው ብራዚል፥ አርጀንቲና፥ ሜክሲኮና ፔሩ ግን ከ120ዎቹ ውስጥ አልገቡም። ሕዝባቸው ለሙከራው ክንዱን ሰጥቶ፥ ዋጋው ሲረክስ ከደጅ ቀረ ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታን ለጊዜው ባገደ ጊዜ በብዙ የአፍሪካ አገሮች የኤች አይ ቪ ክሊኒኮች ሥራቸው እንደ ተቋረጠ አይዘነጋም። ለስድስት ወር እንዲያገለግል ታስቦ የተሠራ መድኃኒት፥ ሰባተኛው ወር ላይ ካልተደገመ ጎተራው ይራቆታል። በሌላ ሰው ኪስ ላይ የተሠራ ድልድይ ባለቤቱ ባሻው ቀን እንደሚነሣ ከዚህ መማር ይገባናል።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ለሚያነቡ ተማሪዎች የምንለው አለ። መድኃኒት መሥራት የሐኪም ልጅ ብቻ ሥራ አይምሰላችሁ። የላስቲክን ጠባይ ያስተዋለ፥ የቅባትን ጠባይ የመረመረ፥ የእሾክን ጫፍ የቀረጸ ሁሉ ሐኪም ሆኖ አድኗል። ኬሚስትሪ ወይም ምሕንድስና የሚማር ወጣት ለሕመምተኛ ሩቅ አይደለም።

በመሥሪያ ቤት ለተቀመጡት ወጣት ሹማምንት ደግሞ ነገራችን አጭር ነው። ጨረታውን የሚያወጣ፥ የምዝገባውን ፋይል የሚያንቀሳቅስ፥ የማቀዝቀዣውን መለዋወጫ የሚያዝዝ ጸሐፊም የመድኃኒቱ መንገድ አንዱ ክፍል ነው። ሊቃውንቱ 60 ዓመት ደክመው መድኃኒቱን ለስድስት ወር የሚበቃ አድርገውታል። ወረቀቱ በጠረጴዛ ላይ ስድስት ወር ከተኛ ግን ድካማቸው ሁሉ ከዚያች ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። መርፌውን የምትጠብቀው ልጅ መዘግየቱ ከላብራቶሪ ይሁን ከጽሕፈት ቤት የምታውቅበት መንገድ የላትም፤ የምታውቀው አለመድረሱን ብቻ ነው።