ጨርቁን ማን ገዛው?

ባለፈው ቅዳሜ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ላቫጆ ሄድኩ። ወንድሜ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ነው የሚሠራው። እኔ እንኳን መኪና መንጃ ፈቃድም የለኝም። ይሄን ቀድሜ የምናዘዘው በኋላ «አንቺ ደግሞ ስለ መኪና ምን አገባሽ?» የሚል እንዳይመጣብኝ ነው። ያገባኛል። ለምን እንደሚያገባኝ አሁን ታዩታላችሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ላቫጆ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ግማሹ ሰርግ አጃቢ ነው፣ ግማሹ ለቅሶ ደራሽ፣ የቀረው እንደኛ የሳምንቱን ጭቃ ተሸክሞ የመጣ። ተራችን ደረሰና የኛ ቪትዝ ታጠበች። ከኛ ቀጥሎ ጥቁር፣ ዓመት ያልሞላው፣ ሲያዩት ዓይን የሚወጋ የኤሌክትሪክ መኪና ገባ። ያጠበውም ያው የኛን ያጠበው ልጅ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። ውሃ ረጨ፣ ሳሙና ቀባ፣ አለቀለቀ፣ ከዚያ ጨርቁን አንስቶ ማድረቅ ጀመረ። ሊጨርስ ሲል ባለመኪናው መጣና የስልኩን መብራት ኮፈኑ ላይ አበራ።

«ምንድነው ይሄ?»

ልጁ ጠጋ ብሎ አየ። እኔም (ሙያዬ ነውና) ጠጋ ብዬ አየሁ። መብራቱ ባረፈበት ዙሪያ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ክብ ሠርቷል።

«ጋሼ፣ እኔ አልጫርኩትም። በጨርቅ ነው ያደረቅኩት።»

«በጨርቅ ነው ይለኛል እንዴ! በሚስማር ልታደርቀው ኖሯል? እያሽከረከርክ ፈተግከው!»

የላቫጆው ባለቤት ከወንበሩ ተነስቶ መጣ። ኮፈኑን አላየም። ልጁንም አልጠየቀም። «የዛሬ ሂሳብህን እርሳው» አለው፤ በቃ። ባለመኪናውን ይቅርታ ጠየቀ፣ የእጥበቱንም ተወለት። ልጁ ምንም አላለም። ጨርቁን ጨመቀ። የወጣው ውሃ ቡናማ ነበር።

ወገኖቼ፣ ያንን ጨርቅ አውቀዋለሁ! ከሃያ ደቂቃ በፊት የወንድሜን መኪና ቸርኬ ሲጠርግ አይቼዋለሁ። ከቸርኬው በፊት የበሩን ሥር ጠርጓል። አንዴ መሬት ወድቆ ተነስቷል። በደጉ ዘመን የአልጋ አንሶላ የነበረ ይመስላል፤ ቀለሙም ሰማያዊ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ባለቤቱ ሄድኩና ጠየቅኩት፤ «ጨርቁን ማን ነው የሚገዛው?»

ሳቀ። «እህቴ፣ ጨርቅ ደግሞ ይገዛል እንዴ?»

ይሄ ጽሑፍ ለዚያ ሳቅ የተጻፈ መልስ ነው።

* * *

ጋዜጠኝነት ስንማር ገና ከጅምሩ የሚያሸመድዱን ስድስት ጥያቄዎች አሉ፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ እንዴት፣ ለምን። የዚያን ቀን ላቫጆው ውስጥ የተጠየቀው አንዱ ብቻ ነው፤ «ማን?»። መልሱም ከጥያቄው በፊት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ጨርቁን የያዘው! እስቲ የቀሩትን እኔ ልጠይቅ።

ምን ተጫረ? የዛሬ መኪና ቀለም አንድ ንብር አይደለም። ከሥር መነሻ ቅብ አለ። ከሱ በላይ እኛ ጥቁር፣ ነጭ፣ ብርማ የምንለው ቀለም አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ክሊር ኮት የሚባል፣ ቀለም አልባና መስታወት መሰል ሽፋን አለ። ያ «ፊትህን እይብኝ» የሚል ማንፀባረቅ የሚመጣው ከዚህ ከመጨረሻው ሽፋን ነው። ውፍረቱስ? በአብዛኛው ከ35 እስከ 50 ማይክሮን። አንድ ሚሊ ሜትር 1,000 ማይክሮን ነው። የራስ ፀጉራችን እንኳ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይወፍራል።

እንዴት ተጫረ? ውሃ አይጭርም። የመኪና ሳሙናም አይጭርም። የሚጭረው በጨርቁና በቀለሙ መሃል የገባ ደቃቅ ድንጋይ ነው። አሸዋ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን ነው። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ሞህስ በ1812 እ.ኤ.አ. ባወጣው ከ1 እስከ 10 የሚሄድ የማዕድናት ጥንካሬ ደረጃ ላይ ኳርትዝ 7 ቁጥር ላይ ተቀምጧል። መስታወት ይጭራል። መስታወት የሚጭር ነገር ከፀጉር የቀጠነ ሽፋንን ምን እንደሚያደርገው ለመገመት ላቦራቶሪ መግባት አያስፈልግም። ቸርኬ ላይ ደግሞ አሸዋ ብቻ አይደለም ያለው፤ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ከዲስኩና ከፍሬን ሸራው የሚረግፍ የብረት ብናኝም አለ። ቸርኬ የጠረገ ጨርቅ ኮፈን ላይ ሲወጣ ስሙ ጨርቅ ይሁን እንጂ ሥራው የብርጭቆ ወረቀት ነው።

«እያሽከረከርክ ፈተግከው» ለሚለውም መልስ አለ። ክቡ የልጁን እጅ አያሳይም። ጭረቶቹ በየአቅጣጫው የተሰመሩ ናቸው። መብራት ሲበራባቸው ግን ብርሃኑን ወደ ዓይናችን የሚመልሱት መብራቱን በክብ የከበቡት ብቻ ስለሆኑ ክብ መስሎ ይታየናል። ካላመናችሁ መብራቱን አንቀሳቅሱት፤ ክቡም አብሮ ይሄዳል።

የት? ግማሹ እየፈረሰ ግማሹ እየተገነባ ባለ ከተማ፣ አሸዋና ሲሚንቶ በየመንገዱ በተከመረበት አዲስ አበባ።

መቼ? ይሄ ነው ለልጁ ጠበቃ የሚሆነው ጥያቄ። እንዲህ ያለ ድር በአንድ ቅዳሜ አይደራም። በየሳምንቱ፣ በየላቫጆው፣ ምናልባትም በየማለዳው ባለመኪናው ራሱ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ሲጠርግ፣ አንድ አንድ ክር እየተጨመረ የመጣ ነው። ባለመኪናው መብራት ያበራው ያን ቀን ነው፤ ልጁም ያን ቀን አጠገቡ ተገኘ። ወንጀሉ ይሄ ነው።

ለምን? አሁን ወደ ሳቁ መጣን።

* * *

ላቫጆው ውስጥ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። የግፊት ማሽኑ ተገዝቷል። ኮምፕረሰሩ ተገዝቷል። የውሃ ታንከሩ፣ ሳሙናው፣ ስፖንጁ፣ ባለቤቱ የተቀመጠበት ወንበር ሳይቀር ተገዝቷል። ከቀለሙ ጋር በመጨረሻ የሚገናኘው ዕቃ ብቻ አልተገዛም። እሱ «ይገኛል»። አሮጌ አንሶላ ይገኛል፣ የተቀደደ ቲሸርት ይገኛል፣ ልጁ ከቤቱ ያመጣል። እንግዲህ ሥዕሉን እዩት፤ በአንድ በኩል ይህን ሁሉ ማሽን የገዛ ሰው፣ በሌላ በኩል በሚሊዮን የሚቆጠር ብር ከፍሎ መኪና የገዛ ሰው፣ መሃላቸው የአንሶላ ቁራጭ ይዞ የቆመ ልጅ። ከሦስቱ የተቀጣው ማን ነው? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው!

«ልጆቹ ግዴለሾች ናቸው» ትሉኛላችሁ፤ ሰምቼዋለሁ። እዚያ የሚሠሩት ልጆች ሂሳባቸው የሚታሰበው ባጠቡት መኪና ቁጥር ነው። ቶሎ በጨረስክ ቁጥር ትበላለህ፣ በተጠነቀቅክ ቁጥር ትራባለህ በተባለበት ቦታ ጥንቃቄ መጠበቅ ቀልድ ነው። ግዴለሽነቱ ከሂሳቡ አሠራር ይጀምራል። በዚያ ላይ ልጁ በየትኛው ጨርቅ ይጠንቀቅ? የሚጠርግበት አንድ ነው!

«ፎጣ ብንገዛም ይጠፋል» ይላሉ ባለቤቶቹ። ኮምፕረሰሩስ ለምን አልጠፋም? ስለተቆጠረ፣ ቦታ ስለተሰጠው፣ ሲመሽ ስለሚቆለፍበት። የተናቀ ዕቃ ይጠፋል።

«ለምን ይጠረጋል? ፀሐይ ላይ ይቁም፣ ራሱ ይደርቃል» የሚሉም አሉ። ይደርቃል! ውሃው ይተናል፤ በውስጡ የሟሟው ካልሲየምና ማግኒዚየም ግን አብሮ አይተንም። በጋለ ኮፈን ላይ ነጭ ክብ ክብ ሆኖ ይቀራል፤ ሲቆይ ሽፋኑን ይይዘዋል። በተለይ የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ የሻይ ጀበናችሁን ውስጡን እዩት፤ እዚያ የተጋገረው ነጭ ነገር ነው መኪናው ላይ የሚቀረው።

«ችግር የለም፣ ፖሊሽ ይመታዋል» የሚለው መጨረሻ ላይ ይመጣል። ፖሊሽ ጭረቱን አይሞላውም፤ በዙሪያው ያለውን ሽፋን ልጦ ከጭረቱ ጋር እኩል ያደርገዋል እንጂ። ያ ሽፋን ስንት ማይክሮን ነበር? ከመጀመሪያውም ቀጭን ነው። በየዓመቱ የሚላጥ ከሆነ አንድ ቀን ያልቃል፤ ያኔ መፍትሔው ቀለም ቤት ነው።

* * *

እሺ፣ ምን ይደረግ? ነገሩ የሮኬት ሳይንስ ቢሆን ኖሮ እኔም አልጽፈውም ነበር።

መኪናው ጥላ ውስጥ ይቁም። መጨረሻ ላይ ሲለቀለቅ የግፊቱ አፍ ይነሳና ውሃው ከጣሪያው ጀምሮ ቀስ ብሎ ይፍሰስበት፤ ያኔ ውሃው ተያይዞ እንደ አንሶላ ይወርዳል፣ የሚጠረገውም ጥቂት ይሆናል። ኮምፕረሰሩ ለጎማ ብቻ አይደለም፤ በመስተዋቱ ሥር፣ በበሩ እጀታና በመብራቱ ዙሪያ የቀረውን ውሃ በንፁህ አየር መንፋት ቀለሙን ሳይነኩ ማድረቅ ነው።

ከዚያ ፎጣ። ማይክሮፋይበር የሚባለው ፎጣ በአብዛኛው ከፖሊስተርና ከናይለን በጣም ቀጫጭን ክሮች የሚሠራ ነው። በክሮቹ መሃል ያለው ክፍተት ውሃውንም፣ የቀረች ቅንጣት ካለች እሷንም፣ ከቀለሙ አንስቶ ወደ ውስጥ ይስባል። አንሶላ ጠፍጣፋ ነው፤ ቅንጣቷ የምትገባበት ስለሌላት ቀለሙ ላይ እየተጎተተች ትሄዳለች። ፎጣው ይዘርጋና በራሱ ክብደት ወደ ራስ ይሳብ፤ ወይም ይለጠፍና ይነሳ። አይፈተግም፣ አይጫኑትም። ከጣሪያ ይጀመራል፣ ወደ ኮፈንና ወደ በሮች ይወረዳል። ለበሩ ሥርና ለቸርኬ ሌላ ጨርቅ፣ ቀለሙ የተለየ፣ ወደ ላይ ለምሳሌ እንኳ የማይወጣ። መሬት የወደቀ ፎጣ እስኪታጠብ ድረስ ሥራው አበቃ። ሲታጠብም ከጥጥ ልብስ ጋር አይቀላቀልም፣ የልብስ ማለስለሻም አይጨመርበትም፤ ማለስለሻው ክሮቹን ይደፍናቸዋል።

አለቀ። ይሄን ሁሉ ለማድረግ የሚገዛው ጥቂት ፎጣ ነው!

ላቫጆ ላላችሁ የምለው ይሄ ነው፤ ፎጣ ግዙ፣ ለላይና ለታች ለዩት፣ ልጆቹን አሳዩአቸው። ይሄን ሳታደርጉ ከልጅ ሂሳብ የምትቆርጡት ብር የቅጣት ብር አይደለም፤ እናንተ ያልገዛችሁት ጨርቅ ዋጋ ነው፤ በሱ ኪስ ነው የከፈላችሁት።

ባለመኪኖችም አታመልጡም። መኪናችሁን ከመስጠታችሁ በፊት የሚደርቅበትን ጨርቅ ጠይቁ። ካልጣማችሁ ሁለት ፎጣ ከኋላ ሻንጣ ውስጥ አኑሩና ለልጁ በእጁ ስጡት። በጥድፊያ እንዳይሠራም ጊዜ ስጡት፤ «ቶሎ በል እንጂ» እያላችሁ ቆይታችሁ በኋላ መብራት አታብሩበት።

ወንድሜስ? እንዳይመስላችሁ፣ ቤተሰቤን ለይቼ አልተውኩም። የኋላ ሻንጣው ውስጥ በየማለዳው አቧራ የሚያራግፍበት አሮጌ ቲሸርት አለ፤ በደረቁ። ወደ ቤት ስንመለስ ነገርኩት። «ጥጥ ነው እኮ! ለስላሳ ነው!» አለኝ። ቲሸርቱን አንስቼ አራገፍኩለት። መኪናዋ ውስጥ ሁለታችንም አሳለን። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ይቺ ቪትዝ ብትበላሽበት እሷን የምትተካ በቀላሉ አያገኝም። እንጀራው እሷ ናት። ማክሰኞ ዕለት ሦስት ፎጣ ይዞ ገባ።

ለልጁ ግን ያን ቀን ከኪሱ አውጥቶ ትንሽ ብር ሰጥቶት ነበር። ደግ አደረገ፤ ፍትሕ ግን አይደለም። ልጁ ያጣው ምጽዋት ሳይሆን የሠራበትን ነው። ስንወጣ ዞሬ ሳየው ቀጣዩን መኪና ጀምሯል። በዚያው ጨርቅ።

በነገራችን ላይ፣ አቧራ በለበሰ መኪና የኋላ መስታወት ላይ «እጠበኝ» ብሎ በጣት መጻፍ የምትወዱ የሰፈሬ ልጆች፤ ከዛሬ ጀምሮ ከሥሩ «በንፁህ ፎጣም አድርቀኝ» የሚል ጨምሩበት። ቀለሙ ላይ ግን እንዳትጽፉ፤ በጣት ሥር ያለ አሸዋም ይጭራል። ኋላ የሚቀጣው ያው ልጅ ነው።

ቸር እንሰንብት!